ሮቦቱ ከመግባቱ በፊት መዝገብ ቤቷን ጠይቁ

ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሒሳብ ክፍሎች አዲሱ የበጀት ዓመት ተከፈተ። በዚያው ዕለት እዚህ ብሪታኒያ የፖስታ ቤቱን ቅሌት ሲመረምር የቆየው አጣሪ የመጀመሪያውን የሪፖርት ቅጽ ይፋ አደረገ። የታሪኩ መነሻ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ ያቀረበው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም ያልጎደለውን ገንዘብ ጎድሏል ሲል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ቅርንጫፍ ኃላፊዎች ሌባ ተብለው ተፈርዶባቸዋል። ያስደነገጠኝ የሪፖርቱ ቁጥር ነው፤ በዚሁ መዘዝ ቢያንስ 13 ሰዎች በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጥፍተው ሊሆን ይችላል ይላል። «ሲስተም የለም» መባል ላንገሸገሸው የአዲስ አበባ ሰው፣ ሲስተሙ ሁልጊዜ ያለበት፣ የሰው ቃል ግን የማይታመንበት አገር ግራ ያጋባል።

ሆራይዘን ሮቦት አልነበረም። ነገሩን ያነሳሁት አርፒኤ የሚባለውን የሶፍትዌር ሮቦት የሚያስገባ ድርጅትም በዚያው ገደል ሊወድቅ ስለሚችል ነው። አርፒኤ እጅና እግር የለውም፤ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ደረጃ በደረጃ የሚደግም ፕሮግራም ነው። የባንክ ስቴትመንት ይከፍታል፣ ወደ ኤክሴል ይገለብጣል፣ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ይመዘግባል። ሳሪስ ወይም መካኒሳ ባለ አንድ አስመጪ ቢሮ ይህንን የምትሠራው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፤ ባንኩ፣ ፒችትሪውና የገቢዎች ድረ ገጽ እርስ በርስ ስለማይነጋገሩ መሀል ገብታ የምታግባባቸው እሷ ናት። ስለዚህ «ቴክኖሎጂው ለእኛ ገና ነው» የሚለው ክርክር አያሳምነኝም። እንዲያውም ሲስተሞቹ ለተኳረፉበት አገር ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ንፋስ ስልክ ራሱ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባ ስልክ አይደል!

የአርፒኤ መማሪያዎች ደረጃዎቹን እንዲህ ይደረድሯቸዋል፦ ሥራውን መምረጥ፣ አሠራሩን መጻፍ፣ ማቃናት፣ ሮቦቱን መሥራት፣ መፈተሽ፣ ሥራ ማስጀመር፣ መከታተል። ገንዘቡም ጭብጨባውም መሀል ላይ፣ ሮቦቱ ሲሠራና ሲመረቅ ይፈስሳል። አማካሪ ድርጅቱ ኧርነስት ኤንድ ያንግ ከመጀመሪያ የአርፒኤ ሙከራዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ሲከሽፉ ማየቱን ጽፏል፤ በእኔ አስተያየት ውድቀቱ የሚጀምረው ከጫፎቹ፣ አሠራሩን ከመጻፍና ከመከታተል ነው። አሠራርን መጻፍ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) ዘመን ስንቱ መሥሪያ ቤት የሥራ ሂደቱን በቀስት እየሳለ ግድግዳ ላይ ለጥፏል! ብቻ የተሳለው መሆን የሚገባው እንጂ የሚሠራው አልነበረም። የሚሠራው ያለው በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ የትኛው ደብዳቤ ያለ ቲተር እንደሚመለስ፣ ሦስቱ ፊርማ በማን እንደሚጀምር የምታውቀው እሷ ናት። ሮቦት የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ሥዩም በአንዱ ሰነድ በንጉሡ ሠ፣ በሌላው በእሳቱ ሰ ቢጻፍ ለእሷ ያው ሥዩም ነው፤ ለሮቦቱ ሁለት ሰው ነው። የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። ጳጉሜን ካልነገሩት ደግሞ ዓመቱ በ12 ወር ያልቅበታል። እነዚህን ከውጭ የሚመጣ አማካሪ አይጽፋቸውም።

«የሰው ጉልበት ርካሽ ሆኖ ሳለ ሮቦት ለምን?» የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው የዋዛ አይደለም። የሶፍትዌሩ ፈቃድ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለአነስተኛ ድርጅት ትልቁ ፈቃድ አያዋጣም፣ እቀበላለሁ። ነገር ግን አሠራርን መጻፍና ማቃናት ከወረቀትና ከትዕግሥት በቀር ወጪ የለውም። ለሙከራም ቢሆን ማይክሮሶፍት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓወር አውቶሜት የተባለውን የዴስክቶፕ መሣሪያውን ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለቋል። «ሠራተኛዋን ከእንጀራዋ ያፈናቅላታል» የሚለው ስጋት ይበልጥ ይከብደኛል። መልሴ አንድ ነው፤ እሷን ያሰናበተ ድርጅት የመጨረሻውን ደረጃ የሚጠብቅለት ሰው አይኖረውም።

በዚህ የመጨረሻ ደረጃ፣ በክትትሉ፣ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ የቅርቡ ጊዜ ያሳያል። በሐምሌ 2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጓል፤ ይህን ያልነገሩት ሮቦት በአሮጌው ሠንጠረዥ፣ ያለ አንዳች ድካም፣ የሁሉንም ደመወዝ አሳስቶ ይቆርጣል። ፍተሻን በተመለከተም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን የመጋቢት 2016 ሌሊት ማስታወስ ይበቃል፤ በሲስተም ሥራ ላይ በተፈጠረ ስህተት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጥቶ፣ ባንኩ አብዛኛውን ማስመለስ ችሏል። እዚያ ስህተት መኖሩን ያልተቀበለ አልነበረም። እዚህ ብሪታኒያ ግን ለዓመታት «ሌላ ማንም እንዲህ አልገጠመውም» እየተባለ ሰው ታሰረ።

ቀደም ብዬ በቲተሩና በሦስቱ ፊርማ ላይ ምሬት ቢጤ ሰንዝሬያለሁ፤ ግማሹን ልመልሰው። ፊርማ ማለት አንድ ሰው «ይህን አይቻለሁ፣ እኔ እጠየቅበታለሁ» ማለቱ ነው፤ በሆራይዘን የጠፋው ይኸው ነበር። ሳይታይ የሚመታ ማኅተም እንዳለ አላጣሁትም። ስለዚህ ሦስቱ ፊርማ አንድ ይሁን፤ ያ አንዱ ግን የሰው ይሁን።

ጎፋም ሆነ ጀሞ ሙከራውን ያሰባችሁ፣ በአንድ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ጀምሩ፤ ሠራተኛዋና ሮቦቱ ጎን ለጎን ይሥሩ፣ ልዩነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሮቦቱ ይሁን። ደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች የዓመቱን ግብር አሳውቀው እስኪጨርሱ፣ እስከ ጥቅምት 30፣ ፋታ የላቸውም። ኅዳር ላይ ጀምሩት።