ሁለተኛውን ባትሪ ማን ይሞላዋል?

ጣና ላይ በትንሽ የሞተር ጀልባ ዓሣ የሚያጠምዱ ወዳጆቼ ሁለተኛ ባትሪ ስለመግዛት ሲማከሩ ወሬው ሁልጊዜ ከመጠኑ ይጀምራል። «70 አምፔር ይሁን ወይስ 100?» ይባባላሉ። እኔ ደግሞ ከመጠኑ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ያንን ባትሪ ማን ነው የሚሞላው? ትልቅ ባትሪ ብዙ ይይዛል እንጂ ከራሱ አንዲት አምፔር አያመነጭም።

ሁለተኛ ባትሪ እንደሚያስፈልግ አልጠራጠርም። መረብ ማታ ይጣልና ንጋት ላይ ይነሳል። ቀረሶውንና አምባዛውን ከመረቡ ለማላቀቅ መብራት ያስፈልጋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፤ በጨለማ የሚመጣ ሌላ ጀልባም እናንተን ማየት አለበት። ስልክም መዘጋት የለበትም። ይህ ሁሉ ሞተር ከሚያስነሳው ባትሪ ላይ ካደረ፣ ሊነጋጋ ሲል ቁልፉን ስታዞሩት «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ሐይቁ የተኛ እንደሆነ ገመድ ጠቅልሎ ሞተሩን መሳብ ይቻል ይሆናል። ነፋስ ተነስቶ ጀልባዋ ስትናጥ ግን ቆሞ ገመድ የሚስብ ሰው ውሃ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ስለ ባትሪ ይህን ያህል የምጽፈው ይህ ስለሚያሳስበኝ ነው።

ቀላሉና የተለመደው ዘዴ ሁለቱን ባትሪዎች ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ በኬብል አገናኝቶ መተው ነው። ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱም ይሞላሉ፤ እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግን መብራቱ ከሁለቱም ይጠጣል። አንደኛው ያረጀ ከሆነማ አዲሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲያደክመው ያድራል። ለሁለት ባትሪ ተከፍሎ ንጋት ላይ የሚያስነሳ አንድም ላይገኝ ይችላል።

ሁለቱን በእጅ እየዞረ የሚለያይ ማዞሪያ አለ። ይሠራል፤ ግን ሌሊቱን ሲለፋ ያደረ ሰው ማዞሩን ይረሳል። ሞተሩ እየሠራ ወደ መዝጊያው ከዞረ ደግሞ ሬክቲፋየሩ፣ ማለትም የሞተሩ ቻርጅ ማድረጊያ ክፍል፣ ሊቃጠል ይችላል። እኔ የምመርጠው ቮልቴጁን አይቶ ራሱ የሚያገናኝና የሚለያይ ሪሌ ነው። ሞተሩ ተነስቶ የማስነሻው ባትሪ 13.3 ቮልት ገደማ ሲደርስ ሁለተኛውን ያገናኘዋል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቮልቴጁ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያቸዋል። ወደ ቤት የሚመልሳችሁ ባትሪ ይቀድማል፣ የመብራቱ ይከተላል። ኔጌቲቮቹ የጋራ ናቸው። በፖዘቲቩ መስመር ላይ በሁለቱም ጫፍ፣ ለባትሪዎቹ በጣም ቀርቦ ፊውዝ ይግባ፤ ውሃና ንዝረት ባለበት ጀልባ ላይ ኬብል ይላጣል፣ የተላጠ ኬብል ደግሞ ከነዳጅ ጋር አብሮ ነው የሚጓዘው። ባትሪዎቹ በደንብ ታስረው አየር የሚገባበት ቦታ ይቀመጡ፤ ሲሞሉ የሚያወጡት ሃይድሮጂን ተቀጣጣይ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ቻርጅ የሚያደርጉ ትናንሽ ሞተሮች፣ 15 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ያሉት፣ በከፍተኛ ዙር ከ6 እስከ 10 አምፔር ገደማ ይሰጣሉ። በገመድ ብቻ ከሚነሱት መካከል ጭራሽ ቻርጅ የማያደርጉ አሉ። ግማሹ ያለቀ የ70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 35 አምፔር-ሰዓት ይፈልጋል፤ በ6 አምፔር ቢሞላ ወደ 6 ሰዓት ይፈጃል። የአሲድ ባትሪ ሊሞላ ሲቃረብ የሚቀበለው ስለሚቀንስ በተግባር ከዚያም ይበልጣል። መረብ እየተነሳ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚገባው ከቁጥር አይገባም። መረቡ ጋ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሁለት ሰዓት የሚነዳ ሰው የተጠቀመበትን በሞተር ብቻ ሊመልስ አይችልም። ባትሪው በየቀኑ ትንሽ እየጎደለ ይሰነብታል፤ ጎድሎ የሚሰነብት የአሲድ ባትሪ ደግሞ ሳህኖቹ ሰልፌት ይይዛቸውና ያለ ዕድሜው ይሞታል። ከዚያ «ባትሪው ፎርጂድ ነው» ተብሎ ሻጩ ይወቀሳል።

የጎደለውን የሚሞላልን ፀሐይ ነው። 50 ዋት ሶላር ከነመቆጣጠሪያው ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ከ10 አምፔር-ሰዓት በላይ ይመልሳል። በክረምት ደመና ይቀንሳል፤ ያኔ ባትሪውን ባሕር ዳር ቤት ወስዶ በመብራት ቻርጀር መሙላት ነው። ሊቲየም የሚገዛ ካለ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ አያገናኘው፤ ብዙ ስለሚስብ የትንሽ ሞተርን ቻርጅ ማድረጊያ ሊያቃጥለው ይችላል። በመሃል ልኩን የሚወስንለት የራሱ ቻርጀር ያስፈልገዋል።

እስቲ መጠኑን አሁን እንጠይቅ። 10 ዋት የኤልኢዲ መብራት ለ10 ሰዓት ቢበራ 8 አምፔር-ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሁለት ስልክ ሲጨመር 11 ወይም 12 ቢደርስ ነው። የአሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች አለማውረድ ይመከራል፤ ስለዚህ እየተጠቀሙ ደጋግሞ ለመሙላት ተብሎ የተሠራ 40 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይበቃል። ከ100 አምፔሩ ላይ የሚተርፈው ብር ለሪሌውና ለፊውዞቹ ይሁን፤ ከተረፈም የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይገዛበት።