ጭብጨባው የት ሄደ?

እኛ በሐዴራ ተወልደን ያደግን፣ አሁን የዳንስ ትምህርት በመከታተል ላይ የምንገኝ ሁለት ጓደኛሞች ነን። ወላጆቻችን የጎንደር ሰዎች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1991 ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲጓጓዙ አብረው የመጡ ናቸው። ይህን ጽሑፍ ያሰናዳነው ለትምህርታችን ስላደረግነው ጥናትና በጥናቱ ላይ ስለ ሠራነው ስሕተት ልናጫውታችሁ ነው። አማርኛችንን እናቶቻችን አርመውልናል፤ የቀረ ጉድለት ቢኖር ግን የእኛ ነው።

የተሰጠን ሥራ በምንኖርበት አካባቢ ሕዝቡ ለራሱ የሚጨፍረውን ጭፈራ አጥንተን እንድናቀርብ ነበር። ሌሎች ተማሪዎች ርዕስ ፍለጋ ሲንከራተቱ እኛ ደስ አለን፤ እስክስታ በቤታችን አለ ብለን ነው። እውነቱን እንናገር ካልን ግን፣ ልጆች ሳለን በትምህርት ቤት በዓል ላይ «እስቲ ትከሻችሁን አሳዩን» ሲሉን አንገታችንን የምንደፋ ነበርን። ያፈርንበትን ነገር ካደግን በኋላ እንደ ዕውቀት ልንሰበስበው መነሣታችን ራሱ የሚያስገርም ነው።

ወደ አረጋውያኑ ከመሄዳችን በፊት የተጻፈውን አነበብን። ቲቦር ቫዳሲ የተባለ ሀንጋሪያዊ ከ1970 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የየአካባቢውን ጭፈራ እየለየ ጽፏል። በዚህ አገር ደግሞ ሣራ ሌቪ ታናይ በ1949 የዒንባልን ቡድን አቋቁማ የየመን አይሁድን ጭፈራ ወደ መድረክ አውጥታለች። ለእኛ ወገን ይበልጥ የቀረበችው ሩት ኤሸል ናት። የማኅበረሰባችንን ጭፈራ ስታጠና ቆይታ፣ በ1995 በሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ከመጡ ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለውን ቡድን፣ በ2005 ደግሞ «ቤታ» የተባለውን መሠረተች። ይህን ሁሉ አንብበን፣ ማስታወሻ ደብተርና ካሜራ ይዘን፣ አዋቂ ነን ብለን ወጣን።

የሄድነው በጊቭዓት ኦልጋ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ዘንድ ነው። በአገር ቤት በሠርግ ላይ ዘፈን የሚያወጡ እርሳቸው ነበሩ ይባላል። እኛም እንደ ልጅ ልጆቻቸው «እምዬ» እንላቸዋለን። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። እኛ ግን ሥዕሉ ንጹሕ እንዲሆን ብለን ረከቦቱን አነሣን፣ ጎረቤቶቹንም «እባካችሁ ወደ ዳር ሁኑልን፣ ድምፅም አታሰሙ» አልናቸው። እምዬ ተነሥተው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ትከሻቸውን አንቀሳቀሱና «በቃ» ብለው ተቀመጡ። እኛም በደብተራችን ላይ «ድካም» ብለን ጻፍን። የቀረጽነውንም እየመላለስን አየን፤ ትከሻው ስንት ጊዜ እንደወጣ፣ ስንት ጊዜ እንደወረደ፣ በክፍል እንደተማርነው እስከ ስምንት እየቆጠርን መዘገብን።

ወደ አንድ ቄስም ሄደን፣ በጸሎት ጊዜ ነጋሪትና ቃጭል ሲመታ ስለሚታየው እንቅስቃሴ ጠየቅን። ቄሱም በትዕግሥት ካዳመጡን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህ ጭፈራ አይደለም፣ ጸሎት ነው» አሉን። በወረቀታችን ላይ «ሃይማኖታዊ ጭፈራ» ብለን ያሰፈርነውን ሰረዝን። ስም መስጠት የባለቤቱ መሆኑን ያን ቀን ተማርን።

ለእምዬ ግን «በሳምንት ውስጥ ፊልሙን እናሳይዎታለን» ብለን ቃል ገብተን ነበር። ሳምንቱ አምስት ወር ሆነ። ወረቀቱ ገብቶ ውጤት ከተሰጠን በኋላ ነው እያፈርን የሄድነው። እርሳቸውም ቡናውን ከቀዱልን በኋላ፣ «ዕቃ የተዋሰ ሰው ሳይጠሩት ይመልሳል» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ፊልሙን ከፈትንላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዩና፣ «ይሄማ የብርድ መንቀጥቀጥ ነው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «የሚያጨበጭቡት የት ሄዱ? የሚቀበለኝስ የታለ? አንድ እጅ አያጨበጭብም ሲባል አልሰማችሁም?» ብለው ጠየቁን። ያን ጊዜ ነው የገባን። ለካ እምዬ ያን ዕለት የተቀመጡት ደክሟቸው አልነበረም፤ ብቻቸውን ስላስቀረናቸው ነው። ሥዕሉ ንጹሕ ይሁን ብለን ያባረርናቸው ሰዎች የጭፈራው ግማሽ ነበሩ።

በአንድ የቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣች በኋላ፣ እንደገና ተሰበሰብን። በዚህ ጊዜ ካሜራውን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጠን እኛም ከሚያጨበጭቡት ጋር ቆምን። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ጭብጨባው ሲጠብቅ እምዬ ፊት ለፊታቸው ወዳለችው ጎረቤት ይጠጋሉ፤ የአንዷ ትከሻ ይጠይቃል፣ የሌላዋ ይመልሳል። እልልታ ሲጨመር ጉልበታቸውን ያማሉ የሚባሉት እናት እስከ ወለሉ ድረስ ዝቅ አሉ። ከዚያም ከትግራይ የመጡት ጎረቤት ከበሮውን አንሥተው አንገታቸው ላይ ሲያንጠለጥሉ፣ ሁሉም ተከትሏቸው በክብ መዞር ጀመረ። በአገር ቤት ብዙ ቀን መንገድ ይለያያቸው የነበሩ ሁለት ጭፈራዎች በአንድ የሐዴራ ሳሎን ውስጥ ተገናኙ። ስምንት ድረስ መቁጠራችንን ረሳነው።

ሲያርፉ ስለ ድሮው ሠርግ ጠየቅናቸው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ወደ ዳሱ ይመጡ እንደነበርና ምግቡ ለየብቻ ይሰናዳ እንደነበር ነገሩን። «ዘፈኑ ግን አንድ ነበር» አሉ። እኛ «የቤተ እስራኤል ብቻ የሆነ» ጭፈራ ስንፈልግ ከርመን ነበር። እምዬ ግን ጭፈራውን ከጎረቤት ጋር መካፈላቸው የሚያሳፍር ነገር ሆኖ አልታያቸውም።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ዛሬ በአዳራሽ ሠርግ ላይ የድምፅ ማጉያው ከመበርታቱ የተነሣ ጭብጨባ አይሰማም። ወጣቱም ክቡን ከብቦ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ስልክ የያዘ እጅ ደግሞ አያጨበጭብም። እንዲህ እየሆነ ከሄደ፣ በብዙ ሺህ ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ትከሻ ይኖረናል፤ ዘፈን የሚያወጣና የሚቀበል ግን አይኖረንም። የመጀመሪያዎቹ ጥፋተኞች እኛው ስለሆንን ነው ደፍረን የምንናገረው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሠርግ፣ ቢያንስ ለአንድ ዘፈን፣ ስልካችንን ኪሳችን ውስጥ ከተን ከእናቶቻችን ጎን እንቁም። ግጥሙን የማናውቅ ተቀባይ እንሁን፤ መቀበል የማንችል እናጨብጭብ። ሁለተኛውን ፊልም በማግሥቱ ለእምዬ አድርሰናል። አይተውት፣ «አሁን ሰው አለበት» አሉ። ለወረቀታችን ከተሰጠን ውጤት ይልቅ ይህን ቃል አክብረን ይዘነዋል።

ቸር ይግጠመን።