ባና፣ ገሳ እና በሶ

ሲያትል አጠገብ ባለ የማኅበረሰብ ኮሌጅ አስተማሪ ሆንኩ ብዬ መንዝ የደወልኩ ቀን አጎቴ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። "ምንድን ነው ታዲያ የምታስተምረው?" አለኝ። "የእግር ጉዞ፣ ተራራ መውጣት፣ ድንኳን መትከል።" ስልኩ ጸጥ አለ። "እስቲ ድገመው፤ መስመሩ ነው መሰለኝ።" ደገምኩለት። "እንግዲህ እሱ ይርዳህ" ብሎ ስልኩን ለእናቴ አቀበላት። እሷም እስከ ዛሬ ጎረቤት ሲጠይቃት "ኮሌጅ ያስተምራል" ትልና እዚያው ላይ ታቆማለች።

አልፈርድባቸውም። መሐል ሜዳ ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ስመለስ አንድ ሰዓት በእግሬ ስኳትን፣ ይህ ነገር አንድ ቀን ክሬዲት ይያዝለታል ቢሉኝ እኔም እስቅ ነበር። የገባሁበትም አስቤው አይደለም። ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ቀን ስማር፣ ለመመረቅ ሁለት ክሬዲት የሰውነት ማጎልመሻ ጎደለኝ። ከሥራ ሰዓቴ ጋር የሚገጥሙት ዋና እና የተራራ ጉዞ ብቻ ነበሩ። ዋና አልችልም። ከዚያ ረዳት ሆንኩ፤ ከዓመታት በኋላ የቀድሞው አስተማሪ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ክፍሉን አስረከበኝ። በየኳርተሩ የምቀጠር፣ ተማሪ ካልሞላ ክፍሉ የሚታጠፍብኝ አስተማሪ ነኝ። ቢሮ የለኝም፤ የዕቃ ክፍል ግን አለኝ።

የዕቃ ክፍሉ የረጠበ ድንኳን እና የአሮጌ ጫማ ሽታ አለው። ጫማ፣ ቦርሳ፣ ስሊፒንግ ባግ፣ የጋዝ ምድጃ ሁሉ ከዚያ ነው የምናውሰው፤ ተማሪዎቼ ማስታወቂያ ላይ እንደምናያቸው ተራራ ወጪዎች አይደሉም። መጋዘን ሲያድር ዓይኑ ቀልቶ የሚመጣ አለ፤ ሁለት ልጆቿን ለእህቷ ጥላ የምትመጣ አለች፤ ከውትድርና የተመለሰ፣ ካርታ ከእኔ በላይ የሚያነብ አለ። ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት ክፍል ውስጥ እንማራለን፤ ቅዳሜና እሁድ እንወጣለን። ሲያትል ለዚህ ትምህርት አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1906 እዚሁ የተቋቋመው የማውንቴነርስ ማኅበር ነው፣ በ1930ዎቹ ከተራራ ወጪ ቦርሳ መጉደል የሌለባቸውን አሥር ነገሮች የዘረዘረው። እኔም በየኳርተሩ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ የራስ ባትሪ፣ ትርፍ ልብስ፣ ትርፍ ምግብ እያልኩ እንደ ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. የ2016 መጸው ነበር። የምንሄድበት አልፓይን ሌክስ የተባለው ጥብቅ የዱር ሥፍራ አንድ ቡድን ከ12 ሰው እንዲበልጥ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ተማሪዎቼ አሥር፣ እኔና ረዳቴ ሁለት። ከአሥሩ አንዷ የአገሬ ሰው ሆነው አገኘኋቸው። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ፣ ቀን ነርስነት ለመማር የሚሯሯጡ ሴት ናቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ግማሹ አክብሮት ግማሹ ሹፈት በሆነ ድምፅ መምህር ይሉኛል። የመጀመሪያው ረቡዕ፣ "ከውኃ 60 ሜትር ርቃችሁ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ነው የምትፀዳዱት፤ ስትጨርሱ አፈሩን ትመልሳላችሁ" ስል ክፍሉ ተንጫጫ። እትዬ ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ጻፉና በአማርኛ፣ "ይኼን ነው ከፍለን የምንማረው?" አሉኝ።

የምንወጣበት ቅዳሜ ጠዋት ደንቡ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ተማሪ ቦርሳውን ሸራ ላይ ያራግፋል፤ እኔ አንድ በአንድ አያለሁ። ሰባተኛዋ እትዬ ነበሩ። ከቦርሳቸው የተልባ ፍሬ የሚያህል ቦታ አልተረፈም፤ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ አንድ ላስቲክ ሙሉ በሶ፣ ከሥሩ ደግሞ ተጣጥፎ የገባ ነጭ ጋቢ።

"እትዬ፣ ጋቢው አይሆንም።"

"ለምን? ከዚህ የበለጠ የሚሞቅ ምን አለ?"

"ጥጥ ነው። ደረቅ ሲሆን ልክ ነዎት። ከረጠበ ግን አይደርቅም፤ ሙቀትዎን ይወስዳል። ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው፤ ከላይ ዝናብ የሚመልስ።"

ትንሽ አሰብ አደረጉ። "አባትህ በብርድ ምን ነበር የሚለብሱት?"

"ባና።"

"ሲዘንብስ?"

"ገሳ።"

"ታዲያ እሱን አትለኝም? ምን በእንግሊዝኛ ታደክመኛለህ?"

አፍሬም ስቄም ቀረሁ። ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ሦስት መስመር እየሳልኩ "ከውስጥ ይኼ፣ ከመሐል ይኼ፣ ከላይ ይኼ" ስል የኖርኩት የአባቴን አለባበስ ነበር። ባናው ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ነው፤ ጭጋግ ሲያረጥበው ይከብዳል እንጂ አይበርድም። ገሳው ደግሞ ከጓሳ ሣር ተጎንጉኖ የሚሠራ ካባ ነው፤ ዝናቡ በሣሩ ላይ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ እረኛው ከሥሩ እንደ ጎጆ ውስጥ ይቀመጣል። ያን ሣር ለማግኘት ሲባል ሽማግሌዎች የጓሳን ሜዳ ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቹ መተረክ ጀመርኩ። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ስምንተኛው ልጅ ቦርሳውን ገና አላራገፈም ነበር፤ "ሁሉም አለኝ" አለኝ። እሺ ብዬ አለፍኩት። ጋቢው መኪና ውስጥ እንዲቀር ከእትዬ ጋር ተስማማን፤ በሶው እንዲሄድ እኔ ተሸነፍኩ።

በአይ-90 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነድተን ወደ ታላፐስ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ መነሻ ላይ ደረስን። አጭር መንገድ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ ለጀማሪ የሚሆን። ሙቀቱ 4 ዲግሪ ገደማ፣ ዝናቡ የማይጮህ ግን የማያባራ። ሰው የሚፈራው በረዶውን ነው፤ እኔ የምፈራው ይህን ዓይነቱን ቀን ነው። በረዶ ይራገፋል፤ ዝናብ ገብቶ ይቀመጣል።

የዕለቱ መሪ ተማሪ ነው የሚሆነው፤ በተራ። ያን ቀን የአንዲት የ19 ዓመት ልጅ ተራ ነበር። ካርታውን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ከፊት ትሄዳለች፤ ፍጥነቱን፣ ዕረፍቱን፣ መንገዱን የምትወስነው እሷ ናት። አስተማሪ ዝም ብሎ ይከተላል። እኔ ግን ዝም አላልኩም። መንገዱ የሚታጠፍበት ላይ አስቁሜያቸው ስለ ኮምፓስ አስተማርኩ። በሲያትል ዙሪያ የኮምፓሱ ሰሜን ከካርታው ሰሜን 15 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ይሸሻል፤ ይህን ያላረመ ሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 260 ሜትር ያህል ይስታል። የምወደው ትምህርት ነው፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀሁበት። ከዛፉ የሚንጠባጠበው ውኃ አንገታቸው ውስጥ ሲገባ ቆመው አዳመጡኝ።

ተነሥተን ጥቂት እንደሄድን ከኋላ በአማርኛ ተጮኸ። "ኧረ መምህር፣ ቁም! የዚህ ልጅ ነገረ ሥራው አላማረኝም!"

ስምንተኛው ልጅ ነበር። "ደህና ነኝ" አለኝ፤ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። ለሰውነት መቀዝቀዝ የምናስተምራቸው አራት ምልክቶች በእንግሊዝኛ ቤት ስለሚመቱ ማንም አይረሳቸውም፦ መደናቀፍ፣ ዕቃ ከእጅ መጣል፣ መነጫነጭ፣ መንተባተብ። ልጁ አልተንተባተበም፤ አልተነጫነጨም። ወደ ሐይቁ ልንገፋ እንችላለን ብዬ አስቤ ነበር፤ አልዋሽም።

"ጠዋት መኪና ውስጥ አፉን ያልዘጋ ልጅ ነው" አሉ እትዬ። "አንተ ኮምፓስህን ስታስተምር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቆሎ ሰጠሁት። እጁን እየው።"

ጓንት አላደረገም። ቡጢውን ቀስ አድርጌ ከፈትኩት። ቆሎው እዚያው ነበር፤ መዳፉ ላይ ረጥቦ የተጣበቀ፣ አንዲት ፍሬ ያልጎደለችው። ጣቶቹ ተመልሰው አልታጠፉም።

መሪዋ ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። እንደ ደንቡ "ምን ይደረግ ትያለሽ?" አልኳት፤ በልቤ እስከ አሥር ቆጥሬ ልገባ። አምስት ላይ ሳልደርስ ሥራ ጀመረች። ሸራው ዛፍ ላይ ተወጠረ፤ የስፖንጅ ምንጣፎቹ ተደራረቡ፤ ሁለቱ ውኃ ማፍላት ያዙ። ልጁን እኔና ረዳቴ ልብሱን አወለቅንለት። ከዝናብ ሱሪው ሥር ውኃ የጠጣ ጂንስ ሲወጣ እትዬ አዩኝ። ምንም አላሉም።

ደረቅ ልብስ አልብሰን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ከተትነው፤ በብብቱ ሥር ሙቅ ውኃ የሞላባቸውን ኮዳዎች በካልሲ ጠቅልለን አደረግንለት። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህ ጥሩ ነው፤ የሚያስፈራው መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው። እትዬ በሶውን በሙቅ ውኃና በብዙ ስኳር ቀጠን አድርገው በጠበጡት። መዋጥ እንደሚችል ካየን በኋላ ኩባያውን ራሳቸው ያዙለት፤ "አይዞህ፣ አይዞህ" እያሉ፤ በየሌሊቱ መጦሪያ ቤት እንደሚያደርጉት መሰለኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ሄደ። ከዚያ ልጁ፣ "ይኼ ነገር እንደ ጭቃ ነው" አለ። እትዬ ሳቁ፤ እኔ ግን ሸራው ሥር ቁጢጥ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሐይቁ ቅርብ ነበር። መሪዋ እንመለሳለን አለች። አንዱ አጉረመረመ፤ እሷ ሐሳቧን አልቀየረችም። መኪናው ጋ ስንደርስ ማሞቂያውን ከፈትን። እትዬ ጋቢያቸውን አውጥተው ልጁን እስከ ጆሮው ጠቀለሉት፤ ከዚያ ቀና ብለው፣ "አሁንስ ይፈቀዳል?" አሉኝ።

የአደጋ ሪፖርቱ ቅጽ አንድ ገጽ ነው። "መንስኤ" በሚለው ሥር ዝናብ ብዬ ጀመርኩ፤ ሰረዝኩት። አስተማሪው የስምንተኛውን ተማሪ ዕቃ አልፈተሸም፤ እርጥብ ተማሪዎችን ለሃያ አምስት ደቂቃ አቁሟል ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ከሰልፉ መጨረሻ ነው የምሄደው፤ ኮምፓስ የማስተምረውም መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ልጁ በሚቀጥለው ኳርተር ተመልሶ ተመዘገበ፤ የቦርሳ ፍተሻ ላይ መጀመሪያ የሚሰለፈው እሱ ሆነ።

እትዬ አሁን ነርስ ናቸው። መጸው በመጣ ቁጥር አንድ ላስቲክ በሶ ይልኩልኛል፤ ከፋፍዬ በየሕክምና ቦርሳው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ባለፈው ዓመት አዲስ የመጣው ረዳቴ ዕቃ ሲቆጥር አንዷን ላስቲክ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ያዛት። ላይዋ ላይ በአማርኛ ነው የተጻፈው። "ይኼ ዱቄት ምንድን ነው? መዝገቡ ላይ ምን ብዬ ላስገባው?" አለኝ።

"መጀመሪያ ውኃ ጣድ" አልኩት።