የዕድር ድስትና ነጭ ብስክሌት

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ጧት ከሥራ መግቢያ ሰዓት በፊት መንገድ ዳር ቆመው ይመልከቱ። ሠራተኛውና ተማሪው በሁለት ይከፈላል፤ ገንዘብ ያለው በባጃጅ፥ የሌለው በእግሩ። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ደመወዝ ሲሳሳ የባጃጁ ወገን እየቀነሰ የእግረኛው ይበዛል። እርስዎም የየትኛው ወገን እንደ ሆኑ እንደ ቀኑ ሳይለያይ አይቀርም።

«ብስክሌትስ?» ብለው የጠየቁ እንደ ሆነ ዳገቱንና የክረምቱን ጭቃ ይነግሩዎታል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች ዳገቱ እውነት ነው፤ የዱራሜም ሰው ሐምበሪቾን አሻግሮ እያየ ይህንኑ ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን በሆድ የሚቀር ሌላ ምክንያት አለ። አንድ የሥራ ጓደኛዬን አሮጌ ብስክሌቴን ላውስህ ብለው፥ «ከመሸ በኋላ ከሆነ እሺ» አለኝ! ክራባት ያሰረ ሰው ፔዳል ሲመታ «ምን ነካው?» ይባላል፤ ሴት የወጣች እንደ ሆነማ መንገዱ ሁሉ ቆሞ ያያታል። ከዳገቱ የበለጠው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ በሰርኩላር ደብዳቤ ሲጠፋ አላየሁም።

በጨዋታ ግን ሲላላ ታይቷል። በ1957 ዓ.ም. ክረምት በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ ፕሮቮ የሚባሉ ወጣቶች፥ ሉድ ስኺመልፔኒንክ የተባለው ባልንጀራቸው ባወጣው ሐሳብ፥ ጥቂት ብስክሌቶችን ነጭ ቀለም ቀብተው የፈለገ ሁሉ እንዲነዳቸው ሳይቈልፉ መንገድ ላይ ተዉአቸው። ፖሊስ ሳይቈለፍ መተው በሕግ የተከለከለ ነው ብሎ ለቃቀማቸው። ወጣቶቹም ሕጉን አክብረው ቈለፏቸውና፥ የቍልፉን ቍጥር እዚያው ብስክሌቱ ላይ በቀለም ጻፉት! የከተማው ምክር ቤት ሐሳቡን አልተቀበለም፤ ሳቁ ግን ዓለምን ዞረ። ከ30 ዓመት በኋላ፥ በ1987 ዓ.ም.፥ ኮፐንሃገን ሳንቲም ከተው የሚፈቱትን፥ ሲመልሱት ሳንቲሙን የሚተፋውን የሕዝብ ብስክሌት አቆመች። ፓሪስም በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ብስክሌት አሰለፈች።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚሉኝ እንደ ሆነ፥ አዲስ አበባ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ዋና ዋና ጎዳናዎቿን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛና ለብስክሌት መክፈቷን ላስታውስዎ።

«ሌባስ?» ይሉኝ ይሆናል። የዕድርዎን ድስት ሌባ ወስዶት ያውቃል? ድንኳኑ፥ አግዳሚው፥ ብርጭቆው የሁላችንም ነው፤ በቀለም ምልክት ተደርጎበታል፤ ዕቃ ያዡ በመዝገብ ያስፈርማል፤ ለቅሶው ሲያበቃ ይመለሳል። ሆላንዶች በነጭ ቀለም የደከሙበትን ነገር የእኛ እናቶች በድስት ላይ ሲሠሩት ኖረዋል።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። መስከረም ላይ ያሆዴና መሳላ ሲደርሱ፥ የአገሩ ልጅ ከየሥራ ቦታው ወደ ሆሳዕናና ወደ ዱራሜ ይገባል። ያን ጊዜ አሥር ብስክሌት ነጭ ቀብተን የዝግታ እሽቅድድም እናድርግ። ደንቡ አጭር ነው፤ እግሩ መሬት የነካ ይወጣል፥ በመጨረሻ የደረሰ ያሸንፋል። ተወዳዳሪዎቹ የመሥሪያ ቤት አለቆች ይሁኑ፤ ክራባታቸውን አይፍቱ። አለቃዎ ሚዛን ለመጠበቅ ሲንቀጠቀጡ ሕዝቡ በእልልታ ሲያጅባቸው የዋለ እንደ ሆነ፥ በማግሥቱ እርስዎን «ምን ነካው?» የሚል አፍ የት ይገኛል?

ስለ ሴቶቹ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለምሳሌ መወዳደር የፈለጉ እንደ ሆነ፥ አስቀድመው ሰው በሌለበት ሜዳ ሁለት ሦስት ሳምንት ይለማመዱ። ወንድ ልጅ ሲወድቅ ይሳቅለትና ይነሣል፤ ሴት ስትወድቅ ግን ወሬው ከዓመት ዓመት ይነገርባታል። ይህ ትክክል አይደለም፤ እስኪለወጥ ድረስ ግን ልምምዱ ይቅደም።

በዓሉ ሲያልፍ ብስክሌቶቹ ለአንድ ዕድር ዕቃ ያዥ ይሰጡ፤ መታወቂያ አስይዞ የፈረመ ይንዳ። ጎማ የፈነዳ እንደ ሆነ ለጎሚስታው ማን ይከፍላል? ብርጭቆ የሰበረ እንደሚከፍለው ነዋ።