ከጨነቅ ለወንድሜ

ከደባርቅ ተነስተን በሳንቃ በር በኩል ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ደርሰናል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,620 ሜትር ነው። ጅብራው በየተረተሩ ቆሟል፤ ጭላዳው ሣሩን እየነጨ ከአጠገባችን አይርቅም፤ ገደሉ ጫፍ ላይ ዋሊያም አየን። ጥቂት ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ገብስ የተሸከመች የአገሩ ሴት ግን ከጓደኛዋ ጋር እያወራች አልፋኝ ሄደች።

ፊዚክስ ከሰው ሕይወት የራቀ ነው ብለህ፣ የአንድ ሴሚስተር ውጤትም አስከፍቶህ፣ የትምህርት ክፍል ልትቀይር እንደሆነ እማዬ ነግራኛለች። የዚያችን ሴት ደም ብታስበው እንዲህ የምትል አይመስለኝም።

እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የኦክስጅኑን ማነስ ለማካካስ ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይበዛል። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የመራችውና ኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረመድኅን ያሉበት ቡድን፣ እዚሁ ሰሜን ተራሮች አምባራስ ውስጥ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመ። የአምባራስ ሰው ሄሞግሎቢን አልበዛም፤ ከሄሞግሎቢኑም ኦክስጅን የያዘው በአማካይ 95.3 በመቶው ነበር፣ ማለትም እንደ ቆላ ሰው። እንዴት ሆነ? ጥናቱ ይህን አላብራራም።

ሄሞግሎቢን ራሱ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የወሰደውን ዕድሜ ስማ። ማክስ ፔሩትስ በትምህርቱ ኬሚስት ነው፤ የሠራው ግን በካምብሪጅ የፊዚክስ ቤት፣ በካቬንዲሽ ቤተ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የፈረስ ሄሞግሎቢን ክሪስታል ላይ ኤክስሬይ ማሳረፍ ጀመረ። በ1938 የበረዶ ግግርን ለማጥናት የአልፕስ ተራራ ወጣ፤ የወጣበት ቦታ ከፍታም ከዚህ ብዙ አያንስም። በ1940 ኦስትሪያዊ ነህ ተብሎ ታሰረና ወደ ካናዳ ተወሰደ። ተመልሶ ያንኑ ክሪስታል ያዘ። የፊዚክሱ ፕሮፌሰር ሎውረንስ ብራግ፣ ውጤት ባልታየባቸው ረጅም ዓመታት ደግፎታል፤ እኔ ከሁሉም የማደንቀው ይህን ነው። ቅርጹ የተገኘው በ1959 ነው። አራት የፕሮቲን ሰንሰለት፣ አራት የብረት አቶም። ማዕድ ላይ አንዱ እጁን ሲሰድ ሌላው ድፍረት እንደሚያገኝ፣ አንዱ ብረት ኦክስጅን ሲይዝ ሞለኪዩሉ ቅርጹን ይለውጥና ለቀሩት መያዙ ይቀላቸዋል። ፔሩትስ የዚህን አሠራር ያስረዳው በ1970 ነው፤ ኖቤሉን ከተቀበለ ከስምንት ዓመት በኋላ።

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ እንዳይመስልህ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማሩት ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው ተሠቃይተዋል። ከተፈቱ በኋላ ሕንድ፣ ባንጋሎር ሄደው ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ካጠኗቸው ጉዳዮች አንዱ በሙቀት የሚንቀጠቀጥ ቅንጣት እንዴት ሥራ ሊሠራ፣ ሸክም ሊጎትት እንደሚችል ነው፤ በሕዋሳችን ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሞተሮች የሚኖሩትም በዚያው መንቀጥቀጥ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በሩሲያዊው ፊዚክስ ዐዋቂ በሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን የሰብአዊ መብት ሽልማት ሰጣቸው። እኒህ ሰው ከእስር በኋላ ተማሪ ሆነው ወደ ክፍል ከገቡ፣ አንተ በአንድ ሴሚስተር ውጤት ምን አስቸኮለህ?

ቴርሞዳይናሚክስንና ስታቲስቲካል ሜካኒክስን ሳትጨርስ አትወስን። የባዮኬሚስትሪ መምህሩንም ክፍል ገብተህ እንድታዳምጥ ጠይቀው። የአምባራስን ደም ጥያቄ ከሩቅ የመጡ ሰዎችና የአገራችን ሰው አብረው ጠይቀውታል፤ ከዚሁ አገር የበቀለ ፊዚክስ ዐዋቂም እንዲጠይቀው እመኛለሁ፣ ያም አንተ ብትሆን ደስታዬን አልችለውም።

ነገ ወደ ቧሂት ተራራ እንወጣለን። እማዬን ሳምልኝ፤ ብርዱን ችዬዋለሁ በላት። እስክመለስ ድረስ የመቀየሪያውን ቅጽ እንዳትፈርም።

እህትህ