ሲሞላ

በአጎቴ ጀርባ ላይ አንዲት ቃል አሥራ አንድ ዓመት ተሳፍራ ኖራለች። «ሲሞላ» ትላለች። የታተመችው በእጅ ነው፤ አታሚዎቹም እኔና እሱ ነን። ዘመድ አዝማዱ የየራሱን ታሪክ እየፈጠረላት ስለተቸገርኩ፣ አመጣጧን ከዓይን ምስክር ብትሰሙት ይሻላል።

ጋሼ ከአውቶብስ ተራ ደሴ የሚመላለስ ሹፌር ነበር። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። መንገዱ አማርሮት አያውቅም፤ የሚያማርረው ከመነሳቱ በፊት ያለው ነው። የእሱ ዓይነት መኪና በሰዓት አይነሳም። ተራ ይይዛል፣ ተራው ሲደርስ ይጭናል፣ ሲሞላ ይወጣል። መኪናው እንደሆነ ተሳፋሪው ግማሽ ነው ብሎ ናፍጣውን ግማሽ አይጠጣም። ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮሃል፤ ሲገቡ ሃያ ወንበር ባዶ ነው። ስለዚህ የገባው ሁሉ ተመልሶ ይወርድና ሹፌሩን ይፈልጋል። ረዳት የሚታመንበት አገር የለም።

«መቼ ነው የምንነሳው?»

ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሻዩን ሲጠጣ ይጠየቃል። ፖርቶመጋላ ላይ የሚጫነውን ዕቃ ሲቆጣጠር ይጠየቃል። ሽንት ቤት በር ላይም ተጠይቆ ያውቃል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከብዛቱ የተነሳ ቃሉ ከአእምሮው ወርዶ ምላሱ ላይ ብቻ ቀረ መሰለኝ፣ አንድ ማታ ሚስቱ «የቤት ኪራዩን መቼ ነው የምትሰጠኝ?» ብትለው፣ «ሲሞላ» ብሎ እንጀራውን መቁረሱን ቀጠለ። ሁለት ቀን አኮረፈችው። በሦስተኛው ቀን እኔን አስጠራኝና «ይህችን ነገር ጀርባዬ ላይ ጻፍልኝ። ከአፌ ትውጣልኝ» አለ።

ለምን ጀርባ? ሐኪሙም፣ አስተማሪውም፣ የቀበሌው ጸሐፊ ሳይቀር ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ ነው የሚያስተናግድህ (ፊቱን ቢያጠቁርም)። ሹፌር ግን ቀኑን ሙሉ ለደንበኛው ጀርባውን ሰጥቶ የሚሠራ ባለሙያ ነው። የሚኒባስ ታክሲ ጥቅስ ከወንበሩ ኋላና ከጣሪያው ጠርዝ ላይ የሚለጠፈው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ስለ ዝርዝር ገንዘብ፣ በር በኃይል ስለሚዘጋ ሰው፣ ስለ ከዳች ፍቅረኛ በአፍ ቢነገር ጠብ የሚያስነሳው ሁሉ በስቲከር ሲሆን ያስቃል። ቃሏን ያተምንባት ካናቴራ እንግዲህ የታክሲ ጥቅስ ልጅ ናት፤ ከወንበሩ ወደ ሰውየው ተሻገረች እንጂ።

ስለ ህትመት የምናውቀው ነገር አልነበረም። ሰፈራችን ያለ ማስታወቂያ ጻፊ «የራጅ ፊልም አምጡ፤ ወረቀት ቀለም ይጠጣል» ብሎ መከረን። የተገኘው የአያቴ የደረት ራጅ ነበር። በአያቴ ጎድን አጥንቶች ላይ «ሲሞላ» ብለን ጽፈን በምላጭ ቆረጥን። ሲ እሺ አለች። ላም አላስቸገረችም። ሞ ግን ሁለት ዓይን አላት፤ ዙሪያቸውን ስንቆርጥ ዓይኖቿ ተቦድሰው ወደቁ፣ ቀለም ስናሳርፍባት ሁለት ድፍን ድንች ሆና ወጣች። ሁለት ፊልም ካበላሸን በኋላ ነው ዓይኖቹን በቀጭን ድልድይ ከዳሩ ጋር ማያያዝ እንዳለብን የገባን። ዛሬም ጠጋ ብሎ ላያት ሞ መነጽር ያደረገች ትመስላለች።

ቀለሙን በስፖንጅ መታ መታ እያደረግን ጨረስን። ያልነገሩን ነገር ካናቴራው ውስጥ ካርቶን መክተት ነበር። ቀለሙ ዘልቆ ደረቱ ላይም ቃሏ በግልባጭ ታተመች። እኔ ልወረውረው ስል ጋሼ ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ። መስታወቱ ውስጥ ደረቱ ላይ ቀጥ ብላ «ሲሞላ» ትላለች። «ተወው» አለኝ፤ «ከኋላ የተቀመጠ ሰው በመስታወት ያነባታል።» ይህን ብልሃት አስበንበት እንደሠራነው እስከ ዛሬ ለሰው ይናገራል። እኔም አላጋለጥኩትም፣ እስካሁን።

አመጣጥ ፍለጋ ከጀመርኩ አይቀር ወደ ኋላም ሄድኩ። ካናቴራ ራሷ ጣሊያን ናት፤ በአገሯ ስሟ ከጀልባ ቀዛፊ የመጣ ነው። ጋሼ ደግሞ ከጣና ውጭ ጀልባ አይቶ አያውቅም። ማርሹ፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ጎማው፣ ፖርቶመጋላው ጣሊያን ነው። ሹፌር የሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ በእንፋሎት ሞተር ዘመን እሳት የሚያነደው ሠራተኛ የተጠራበት ቃል ነው። የሚያልፍበት የጣርማ በር ዋሻ እንኳ በወረራው ዘመን ጣሊያን የፈለፈለው ነው። ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ፈትሼ የኛ የሆነ ያገኘሁት ጀርባው ላይ ያለችውን አንዲት ቃል ነው።

መንጃ ፈቃዱስ? እሱም የኛ ነው። የኛ መንጃ ፈቃድ የሚከፈለው በሚጫነው ነገር ነው፦ ደረቅ፣ ፈሳሽ፣ ሕዝብ። ሲሚንቶ ደረቅ ነው፣ ቤንዚን ፈሳሽ ነው፣ እኛ ደግሞ ሦስተኛው የጭነት ዓይነት ነን። ጋሼ ሦስቱንም ሞክሯል። «ደረቁ አይጠይቅም፤ ፈሳሹም አይጠይቅም» ይላል። ለሁለተኛ ካናቴራ ይህን አስበንለት ነበር። ራጅ አጣን።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ለሠርግ አብረን ደሴ ሄድን፤ ትኬት ቀድሞ በሚቆረጥበት፣ መነሻው በሰዓት በሆነ አዲስ አውቶብስ። ጋሼ ካናቴራዋን ከጃኬቱ ሥር ለብሷል። በሩ አጠገብ ቆመን ሳለ ልጅ ያዘለች ሴት ወደ እሱ መጣች።

«አባቴ፣ መቼ ነው የምንነሳው?»

ጃኬቱን አውልቆ ዞረላት። አነበበችና «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዳቦ ልትገዛ ሄደች። አምስት ደቂቃ ሳይቆይ አውቶብሱ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። ሹፌሩን ጮኸን አስቆምነው፤ ሴትየዋ ልጁን እንዳዘለች ዳቦውን ይዛ ሮጣ ደረሰች። እስከ ደብረ ብርሃን ከኛ ጋር አልተነጋገረችም።

ጋሼ ግን እሷን አላየም። ወንበሩ ላይ ተጠማዝዞ ወደ ኋላ ያያል።

«አሥራ አራት ባዶ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር እንደገና ቆጠረ።