የገብስ ከረጢት በሳነቴ ሜዳ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ወደ ሐረና ጫካ ከመውረዱ በፊት የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። ከባሕር ወለል ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሜዳ ነው፤ አልፎ አልፎ ከቆመው ጅብራ በቀር ነፋስ የሚመክት ነገር የለበትም። ቀይ ቀበሮን በቀን ብርሃን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ረጅም ሌንስ ለተሸከመ ሰው ግን ነፋሱ ጠላት ነው።

የያዝኩት ሌንስ 600 ሚሊ ሜትር ነው። የሚያሳየው አራት ዲግሪ ገደማ የምትሆን ጠባብ ቁራጭ ስለሆነ በእጅ ላይ የማይታወቅ ንዝረት ፎቶው ላይ ጎልቶ ይወጣል። የድሮው ደንብ የሹተር ፍጥነት ቢያንስ የሌንሱን ርዝመት ያህል ይሁን ይላል፤ ለዚህኛው 1/600 ሰከንድ ማለት ነው። ሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ ከዚያ ዝቅ ለማለት ያስችላል፤ የሚያረጋጋው ግን የእኔን እጅ እንጂ የቀበሮውን ዝላይ አይደለም።

ስለዚህ ጎባ ገበያ ገብስ ገዛሁ። ከረጢቱ ካረጀ ጂንስ ሱሪ እግር የተሰፋ ነው፤ ባዶውን ሻንጣ ውስጥ ይታጠፋል፣ እህል ደግሞ የትም አገር አይጠፋም። ጥጥር እስኪል አይሞላም። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ሌንሱ ይሰምጥበታል፣ ፍሬው ግራና ቀኝ ሸሽቶ ደግፎ ይይዘዋል። ስፖንጅ የሚሞሉበት ሰዎች አይቻለሁ፤ ስፖንጅ ያነጥራል፣ አልመክረውም። የመኪናውን መስታወት አውርጄ ከረጢቱን በሩ ላይ አጋደምኩት።

«ሞተሩን ላጥፋው እንዴ? ብርዱ እኮ አይቻልም» አሉ ሹፌራችን።

«ያጥፉት ጋሼ፣ ጋቢ ይዣለሁ።»

ሞተር እየሠራ በሩ ላይ የተደገፈ ሌንስ ከሞተሩ ጋር ይንዘፈዘፋል፤ የገብሱም ጥቅም ያኔ ያበቃል። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት፤ አንዱ ዞር ባለ ቁጥር ወንበሩም በሩም ይነቃነቃል።

ቀበሮው ብቻውን ነበር፤ እንደ ወትሮው። በመንጋ ይኖራሉ፣ አደን ግን ለየብቻ ነው። በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ሣር ለመሰብሰብ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ለመያዝ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ደርቆ በቆመበት ጊዜ ከከረጢቱ ላይ በ1/250 ጥርት ያለ ፎቶ ይገኛል። ለዝላዩ ግን 1/2000 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አውራ ጣቴ ከፍጥነቱ መዘውር ላይ አልተነሣም።

ከመኪና ወርጄ ትራይፖድ ስዘረጋ ነገሩ ሌላ ሆነ። መካከለኛውን ምሰሶ ጨርሶ አላወጣሁትም፤ እግሮቹንም አሳጥሬ፣ ሰፋ አድርጌ፣ ተንበረከክሁ። በነፋሱ የሚርገበገበውን የካሜራ ማንገቻ ፈታሁ። ሸራ ሆኖ ነፋስ የሚቀበለውን የሌንስ ጥላም አወለቅሁ። ለክብደት ቦርሳ ስቀሉ የሚለው ምክር የሚሠራው ቦርሳው መሬት ሲነካ ነው፤ በአየር ላይ የሚወዛወዝ ቦርሳ ትራይፖዱንም ያወዛውዛል። ከዚያ ግራ እጄን በሌንሱ ጀርባ ላይ፣ ከትራይፖዱ ጋር ከሚያያይዘው እግሩ ትይዩ ጫን አድርጌ የቀረውን ንዝረት አፈንኩት።

ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ግን ይህ ሁሉ አይረዳም። ሌሊቱን ውርጭ የመታው መሬት ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል፣ የሩቅ ቀበሮ ፀጉርም ይሟሟል። ብዙ ሰው ይህን የሌንስ ጥፋት ይለዋል። መድኃኒቱ በማለዳ መድረስና ከሩቁ ይልቅ በራሱ ጊዜ የሚቀርበውን መጠበቅ ነው።

ሲመሽ ጋሼ ገብሱን ለቆሎ ለመኑኝ፤ ሰጠኋቸው።

ወደ ሳነቴ የምትወጡ ሁሉ አደራ፦ በዚያ መንገድ ላይ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ ያውቃልና ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ፎቶ ለማንሳትም ብላችሁ ከመንገዱ በመኪና አትውጡ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም።